ጣራው ላይ የነበሩት

ሙርሳል ከቀርከሃው ጫካ የወጣው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የውሃ ጥሙ ፍርሃቱን ሲያሸንፍበት ነው። ከሰኞ ረፋድ ጀምሮ ሆዱን ከመሬት አጣብቆ ተኝቶ ነበር። ነፋሱ ቀርከሃውን እርስ በርሱ ባጋጨው ቁጥር ጠመንጃ የሚያቀባብሉ ይመስለውና ትንፋሹን ይውጥ ነበር። ወደ መንደሩ ሲጠጋ ውሻ እንኳ አልጮኸበትም። ሴቶቹ ከኸልዋው ፊት ለፊት ካለው ሾላ ሥር ተሰብስበው ተቀምጠዋል። አንዳቸውም አያለቅሱም። ዝምታቸው ከልቅሶ ይልቅ አስፈራው።

ኸልዋ የሚሉት የቁርኣን ትምህርት ቤቱን ነው። ከአሶሳ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በምትርቀው በዚያች መንደር መምህሩ ፈቂ ሐምዳን ከሃያ ዓመት በላይ አስተምረውበታል። ሙርሳል ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ትልቁ ነው፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። እኩዮቹ የሚበቃቸውን ተምረው ወደ እርሻቸውና ወደ ንግዳቸው ሲሄዱ እሱ ቀረ። እጁ ያምራል። ከመጽሐፍ ወደ ሉሕ፣ ማለትም ወደሚማሩበት የእንጨት ሰሌዳ፣ ሲገለብጥ መምህሩ ራሳቸው ቆመው ያዩታል። ከራሱ አውጥቶ ጻፍ ሲባል ግን አንድ መስመር አይወጣውም።

ከሦስት ወር በፊት ፈቂ ሐምዳን፣ "ለአባትህ ደብዳቤ ጻፍ። ምን እንደበላህ፣ ማን እንደታመመ፣ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ንገረው" አሉት። ሙርሳል ብዕሩን ቀለም ውስጥ እየነከረ ዋለ። ማታ መምህሩ መጡና ባዶውን ሰሌዳ አዩ።

"ታጥቦ ነው ወይስ አልተጻፈበትም?"

"አልተጻፈበትም፣ አባቴ።"

"እሺ፣ ነገ ትጽፋለህ።"

ነገም አልጻፈም። ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ቃሉ ከልቡ ተነሥቶ እጁ ጋ ሲደርስ የሆነ ነገር ያንቀዋል። ስህተት ብጽፍስ? ዐረብኛው ቢበላሽስ? አባቴ ለሚያነብለት ሰው ሲሰጠው ቢስቁብኝስ? እንዲህ እያለ ያ ደብዳቤ ሳይጻፍ ቀረ።

እሑድ ጠዋት በወንዙ መሻገሪያ አንድ ዘበኛ ተገድሎ ተገኘ። ዘበኛው አካባቢውን የሚገዛው ሹም፣ የዑምዳ ዓብዱልባሲጥ ሰው ነበር። ማን እንደገደለው ያየ የለም። በማግስቱ ረፋድ ላይ የዑምዳው ጠመንጃ ያዦች መንደሩን ከበቡ። ሙርሳል ያን ጊዜ ኸልዋው ውስጥ ከመምህሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ፈቂ ሐምዳን ክንዱን ያዙትና "አትነሣ። ምንም አላጠፋንም" አሉት። እሱ ግን ክንዱን መንጭቆ በጓሮ በኩል አጥሩን ዘለለ። አንድ ጠመንጃ ያዥ አየውና ተኮሰበት። ጥይቱ ጆሮው አጠገብ ሲያፏጭ ሰማ። ዞሮ አላየም።

አሁን ከሾላው ሥር የመምህሩ ሚስት ብኸይታ ተነሥታ ወደሱ መጣች። ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

"ቆስለሃል?"

"አልቆሰልኩም፣ እናቴ።"

"እንግዲያስ ውሃ ጠጣና ና። ሥራ አለህ።"

ወሬውን የነገሩት ሽማግሌው ኻሚስ ናቸው። እስረኞቹን ከኋላ ከኋላ ተከትለው ሄደው፣ ከዑምዳው ግቢ ለምነው፣ በዚያው ቀን ጠዋት ተመልሰዋል። ዘጠኝ ሰው ታስሯል፤ ፈቂ ሐምዳን ራሳቸው፣ ጣራ ሲከድኑ የነበሩት ወንዶች፣ ውሃ ስታመላልስ የነበረችው ዐዋጢፍም ጭምር።

"በቃል የመጣ ሰው አላነጋግርም አለኝ" አሉ ኻሚስ። "ዛሬ አንድ ነገር ትላላችሁ፣ ነገ ትክዳላችሁ፣ ንጹሕ ነን የምትሉ ከሆነ በጽሑፍ አምጡ አለ። እስከ ጁምዓ ዙህር፣ እስከ ዓርብ ቀትር ሶላት ድረስ። ከዚያ ካለፈ ወደ ሰሜን ለሚወርዱት ነጋዴዎች እሰጣቸዋለሁ አለ።"

ነጋዴዎቹ ምን እንደሚነግዱ ማንም አልጠየቀም። ከዚያ መንገድ ተመልሶ የመጣ ሰው በዕድሜያቸው አላዩም።

በመንደሩ መጻፍ የሚችሉት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ታስረዋል።

ብኸይታ የባሏን የቆዳ ከረጢት አምጥታ ፈታችው። ከመጽሐፉ ጋር አንድ ወረቀት ተጣጥፎ ነበር። አንድ ብቻ። ሙርሳል ሲቀበላት ጣቱ ላይ ያለው ላብ እንዳያበላሻት በልብሱ ጫፍ ያዛት። መጀመሪያ ሉሑ ላይ ሊሞክር፣ ሲሳካ ወደ ወረቀቱ ሊገለብጥ አሰበ። የዚያን ቀን ግን ብዕሩን እንኳ ሳይቀርጽ መሸ።

ረቡዕ በጠዋት ተቀመጠ። ቢስሚላህ ብሎ ጻፈ። ያ ቀላል ነው፤ ሺህ ጊዜ ጽፎታል። ቀጠለና ለታላቁ፣ ለተከበረው፣ ጥላው ለብዙዎች ለሚበቃው ለዑምዳ ዓብዱልባሲጥ አለ። ከዚያ ቆመ። ሌላ ሙገሳ ጨመረ። እንደገና ቆመ። ሉሑን አጠበው።

ሁለተኛም ሦስተኛም እንዲሁ ሆነ። ሙገሳውን ይደረድራል፤ ወደ ጉዳዩ ሲደርስ ጆሮው ውስጥ ያቺ ጥይት ታፏጫለች። ከኸልዋው በር ወዲያ ሴቶቹ ሾላው ሥር እንደተቀመጡ ናቸው። ቀና ባለ ቁጥር ዓይናቸው እጁ ላይ ነው። አንዷ የዐዋጢፍ እናት ናት። አንዷ የባቢክር እናት። ውሃ የያዘው ቅል ሰሌዳ ሲታጠብበት ጠቆረ፤ ደፍቶ ሌላ ቀዳ፤ እሱም ጠቆረ።

ከሁሉ በላይ ያስፈራው የቃል ስህተት አልነበረም። ደብዳቤው የት ሊያደርሰው እንደሆነ ያውቃል። እሑድ ጠዋት ዘበኛው ሲገደል ከሽማግሌው ከኻሚስ በቀር ወንዶቹ በሙሉ ኸልዋው ጣራ ላይ ነበሩ፤ አሮጌውን ሣር አውርደው አዲስ ይከድኑ ነበር። ሴቶቹ ታች ገንፎ ይሠሩ ነበርና ከጣራው ላይ ማን እንደነበረ፣ ማንስ እንዳልነበረ ቆጥረው አያውቁም። ከታሰሩት ውጭ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያን ለመጻፍ "እኔ" ብሎ መጀመር አለበት። "እኔ" ካለ ደግሞ የሸሸው ሰው ማን እንደሆነ ታወቀ ማለት ነው። የሸሸውን ሰው ዑምዳው ምን ይለዋል? ገዳይ ይለዋል። ሌላ ምን ይለዋል?

የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሲሰገድ ሉሑ ባዶ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ብኸይታ ገብታ ከፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"አንብብልኝ።"

አነበበላት። በበርታኛ እየፈታ ታላቁን፣ የተከበረውን፣ ጥላውን ሁሉ ነገራት።

"ይሄ ስለ ዑምዳው ነው" አለች። "ስለ እኛ ሰዎች የሚለው የታለ?"

"ቃል ጠፋኝ፣ እናቴ።"

"የምን ቃል ነው የጠፋህ? እሑድ ጠዋት ሰዎቹ የት ነበሩ?"

"ጣራው ላይ።"

"አንተስ?"

ሙርሳል ዓይኑን ሰሌዳው ላይ ተከለ።

"እኔም ጣራው ላይ።"

"ታዲያ ያንን ጻፈዋ።"

"ከጻፍኩት ያስረኛል። የተኮሰብኝ ሰው ፊቴን አይቶታል። የሸሸህ አንተ ነህ፣ ንጹሕ ብትሆን ለምን ሸሸህ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?"

"ለምን ሸሸህ?"

"ፈርቼ ነዋ!" አለ፤ ድምፁ ሳያስበው ከፍ አለ። "ፈቂ ክንዴን ይዘውኝ ነበር። ከእጃቸው መንጭቄ ነው የሄድኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ይሄንን እንዴት አድርጌ ሳልጽፈው እንደምጽፍ ነው ያጣሁት።"

ብኸይታ በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች።

"እኔም ፈርቻለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ከሰኞ ጀምሮ ምራቅ አፌ ውስጥ የለም። እህል ስቀምስ አሸዋ ይሆንብኛል። ሂድና ተያዝልን ብዬ ልፈርድብህ አልችልም፤ የሰው ልጅ ነህ። ግን ለዑምዳው አትጻፍ። እኔ ልጠይቅህ፣ አንተ ለኔ ንገረኝ። የነገርከኝን ሰሌዳው ላይ አስቀምጠው። ስንጨርስ ካልወደድከው ታጥበዋለህ። ጣራው ላይ መጀመሪያ ማን ወጣ?"

"ባቢክር።"

"ጻፍ።"

ጻፈ። ባ፣ ቢ፣ ክር። የሰው ስም መጻፍ ያን ያህል አይከብድም።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ወንድማማቾቹ፣ በምሥራቅ በኩል። እኔ መሰላሉ ጋ ሆኜ የሣሩን እስር አቀብል ነበር። ፈቂ ታች ቆመው ይሄ ጠምሟል፣ ያ ሳስቷል ይላሉ።"

"ጻፍ።"

ለማሰሪያው ልጥ ዐረብኛውን አያውቀውም፤ ገመድ አለው። ለክዳኑም ቃል አጣና ደረቅ ሣር አለው። መጽሐፍ ውስጥ ያላገኘውን ሁሉ ባገኘው ቃል ተካው። የመሰላሉ ርብራብ ተሰብሮ ባቢክር ሣር ክምሩ ላይ እንደወደቀ ጻፈ። ሁሉም እንደሳቁ፣ እሱም ሲስቅ የያዘውን እስር ለቆት መምህሩ ራስ ላይ እንደወረደ፣ መምህሩም እንዳልተቆጡት ጻፈ። ዐዋጢፍ ስንት ጊዜ ውሃ እንዳመጣች፣ ከየትኛው ምንጭ እንደቀዳች፣ የዘበኛው ሬሳ መገኘቱን የሚናገር መንገደኛ ሲመጣ ፀሐይ የት እንደነበረች ጻፈ። ብኸይታ መጠየቋን ትታ ዝም ካለች ቆይታለች። እሱ አላስተዋለም። እየጻፈ ነበር።

መጨረሻው ላይ ሲደርስ እንደገና ቆመ። ፍርሃት የሚለውን ቃል ከልጅነቱ ጀምሮ ገልብጦታል፤ በስንት አንቀጽ ውስጥ እንዳለ ያውቃል። ስለራሱ ግን ጽፎት አያውቅም። ፊደሎቹ ተጣመሙ።

"ሰኞ ጠመንጃ የያዙት ሲመጡ እኔ ከመምህሬ ጎን ነበርኩ። ፈራሁና ሸሸሁ። ከመሸሼ በቀር ያጠፋሁት የለም። እነሱ ግን አልሸሹም።"

ወደ ወረቀቱ ሲገለብጥ የገዛ ስሙ ላይ ቀለም ተንጠባጠበበት። ሊያስተካክለው ቢሞክር ባሰበት። ተወው።

ከዙህር በኋላ ከኻሚስና ከብኸይታ ጋር መንገድ ጀመሩ። ወረቀቱ በቆዳ ተጠቅልሎ ደረቱ ላይ ነው። ዘበኛው የሞተበት መሻገሪያ ሲደርሱ ውሃው እስከ ጉልበት ነበር። ከወዲያ ማዶ በዘበኛው መቃብር ላይ የተከመሩትን ድንጋዮች ሲያይ እግሩ አልታዘዝ አለው። ኻሚስ በምርኩዛቸው ጫፍ ጀርባውን ነካ አደረጉትና "እኔም ወደዚያ አላይም" አሉት። ተሻገሩ።

አሶሳ ዳርቻ፣ የኻሚስ ዘመድ ቤት አድረው ጁምዓ ጠዋት ዑምዳው ግቢ ገቡ። ግቢው በእሾህ የታጠረ ነው። እስረኞቹ በአጥሩ ጥግ፣ አንገታቸው ባላ እንጨት ውስጥ ገብቶ ተቀምጠዋል። ሙርሳል ቆጠራቸው። ሰባት። ፀሐዩ ዓይኑን ወግቶት ይሆናል ብሎ እንደገና ቆጠረ። ሰባት ናቸው። ፈቂ ሐምዳን ቀና ብለው አዩት፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ሳይሆን ድንጋጤ ነው። ሂድ፣ ውጣ እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዑምዳ ዓብዱልባሲጥ ከዳሱ ሥር አልጋ ላይ ተቀምጧል። ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ጸሐፊው ዐወድ ወረቀቱን ተቀብሎ ዓይኑን አሳለፈበትና ከንፈሩን አጣመመ።

"ሰዋስው የለውም። ልጅ የጻፈው ነው የሚመስለው።"

"ሰዋስዉን አልጠየቅኩህም። አንብበው።"

ዐወድ በአጥሩ ጥግ ላሉት እስረኞች በማይሰማ ድምፅ ማንበብ ጀመረ። ሙርሳል የራሱን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሰማ። ገመዱ፣ ደረቁ ሣር፣ መሰላሉ፣ ሁሉም እንዲህ ትንሽና የሚያሳፍር ነገር ነበር እንዴ? የመጨረሻው መስመር ሲነበብ ከዳሱ ምሰሶ ጋ ቆሞ የነበረ አንድ ጠመንጃ ያዥ ሁለት እርምጃ ቀረበ። ሙርሳል አወቀው። ሰውየውም አወቀው።

"የሸሸኸው አንተ ነህ?" አለ ዑምዳው።

ብኸይታ ከጎኑ ስትተነፍስ ይሰማዋል።

"እኔ ነኝ።"

"ዘበኛዬን የገደለው ማን ነው?"

"አላውቅም፣ ዑምዳ። ጣራ ላይ ነበርኩ።"

"እሰሩት" አለ ዑምዳው፤ ድምፁን እንኳ አልቀየረም።

ከሌሎቹ ለይተው ከዳሱ ኋላ አሰሩት። ገመዱ አንጓው ላይ ሲጠብቅ፣ ሲፈራው የኖረው ነገር እንደደረሰ አወቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ጊዜ ይረጋጋ ይሆናል፤ ሙርሳል ግን አልተረጋጋም። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ከዳሱ የሚመጣውን ድምፅ አዳመጠ።

ዑምዳው እስረኞቹን አንድ በአንድ አስጠራ። ወረቀቱ በዐወድ እጅ ነው። እሑድ ጠዋት ከመሰላሉ የወደቀ አለ? ማን ነው? ምን ላይ ወደቀ? ውሃ ያመላለሰው ማን ነው? ከየትኛው ምንጭ? አንዱ ሲመልስ ሌላው እንዳይሰማ አርቀው ያስቀምጧቸዋል። እያንዳንዱ ከመለሰ በኋላ ዐወድ ወረቀቱን ያይና "ይላል" ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም። ይላል። ይላል። አንደኛው ወንድም ስለ ምንጩ ሲጠየቅ ተደናገረና የላይኛው ነው አለ። የዐወድ ድምፅ ቆየ። ሙርሳል ዓይኑን ጨፈነ። ሰውየው "አይ፣ የታችኛው፤ የላይኛውማ ደርቋል" አለ። "ይላል" አለ ዐወድ።

መጨረሻ የቀረቡት ፈቂ ሐምዳን ናቸው። ደብዳቤ መጻፉን አያውቁም።

"ባቢክር ሲወድቅ ይሄ ተማሪዬ በሳቅ ፈረሰና የሣሩን እስር ራሴ ላይ ጣለብኝ" አሉ። "ሁለት ቀን አንገቴን አሞኛል። አሁን በእንጨቱ ይሁን በሣሩ እንደሚያመኝ አላውቅም።"

ዐወድ ሳይፈልግ ሳቀ። "ይላል" አለ፤ "መምህሬ አልተቆጡኝም ይላል።"

ዑምዳው ወረቀቱን ተቀብሎ አጠፈው። የዙህር ጥሪ ሲሰማ ተነሣ።

"ፍቷቸው። ይሄንንም ፍቱት።"

ብኸይታ መንገዱ ላይ ቆመችበት። "ዘጠኝ ነበሩ። ዐዋጢፍና ባቢክር የሉም።"

"ትናንት ጠዋት ከነጋዴዎቹ ጋር ሄደዋል።"

"ቀጠሮው እስከ ዛሬ ነበር!"

"ነጋዴ አይጠብቅም" አለና አልፏት ሄደ።

ከግቢው ወጥተው ራቁ። እየደጋገመ ወደ ኋላ ያየ የነበረው ሙርሳል ብቻ አልነበረም፤ ሁሉም የሚጠሯቸው እየመሰላቸው ይዞሩ ነበር። ከአንድ ዛፍ ጥላ ሲያርፉ ፈቂ ሐምዳን አጠገቡ ተቀመጡ።

"ደብዳቤውን መቼ ጀመርከው?"

"ማክሰኞ ወረቀቱን ተቀበልኩ።"

"መቼ ጨረስከው?"

"ትናንት፣ ዙህር ላይ።" ሙርሳል እሳቸውን ሳያይ ቀጠለ። "ማክሰኞ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ረቡዕ እንደርስ ነበር።"

መምህሩ አይደለም አላሉትም። አንጓቸው ላይ ያለውን የገመድ ሰንበር እያሻሹ ወደ ሰሜን የሚወርደውን መንገድ ተመለከቱ።

"ነጋዴዎቹ የሚያልፉበት ከተማ አብሮኝ የተማረ ፈቂ አለ" አሉ በመጨረሻ። "በኻሚስ ዘመድ ቤት ነገ ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ አለ ተብሏል። ወረቀት ለምነን አናጣም። ጻፍለት።"

"እርስዎ ይጻፉ፣ አባቴ። የእርስዎ ቃል ይሻላል።"

ፈቂ ሐምዳን እጃቸውን ዘረጉለት። ጣቶቻቸው አብጠው አይታጠፉም።

ሙርሳል በኻሚስ ዘመድ ቤት ደጅ ላይ ተቀምጦ ጻፈ። ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ እንዲያውም ከሉሑ ጋር ሲታገል ከነበረው የባሰ ነበር። አሁን የሚፈራው ግን መዘግየትን ነው። ሙገሳ አልጻፈም። ዐዋጢፍ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ እንዳላት፣ ባቢክር ሲራመድ ቀኝ እግሩን ወደ ውጭ እንደሚጥል፣ እናቶቻቸው ማን እንደሚባሉ ጻፈ። ቀለሙ ሳይደርቅ ለመንገደኛው ሰጠው።

ዐዋጢፍ በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ሲያባራ መጣች። ያ ፈቂ በጠባሳዋ ለይቷት፣ ከነጋዴው ጋር ተከራክሮ፣ ቤቱ አስቀምጧት ቆይቶ ከሐጅ ተመላሾች ጋር ሰደዳት። ብዙ አታወራም ነበር፤ ጠመንጃ ስታይ ግን ከወገቧ ጎንበስ ትላለች። ባቢክርን ነጋዴዎቹ መንገድ ላይ ለሁለት ሲከፈሉ ነው መጨረሻ ያየችው።

ሙርሳል ከዚያ በኋላ ስለ ባቢክር ወደ ብዙ ቦታ ጽፏል። የባቢክር እናት ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው አለ ስትባል ትመጣና ደጁ ላይ ትቆማለች። እሱም ይቀመጥና ይጽፋል። በዚያ ሐሙስ ጠዋት የተላኩትን ሁለቱን ሳያስብ ብዕር አንሥቶ አያውቅም። መልስ ግን እስካሁን አልመጣም።